መብራት ያዢዋ

ትናንት ከአዕማዱ ጥላ ሥር ተቀምጠህ፣
ኤውቲኖስ፣ ስለ እፍረት ምንነት ጠይቀህ፣
እኔም እንደ ልማዴ ጢሜን እያሻሸሁ፣
«ለወጣት ልጓም ነው፣ ለእኛ አይሆንም» አልሁ።
«ወጣት ይሳሳታል፤ ይቅላ ጉንጩ፣ ይፈር፤
ሽማግሌ ግን ሰው ምን አድርጎ ሊያፍር?»
አጨበጨባችሁ፤ መልሴም ጣፈጣችሁ፤
አንድ ነገር ነበር የደበቅኋችሁ።
አሁን ግን ማንም የለ፤ ባሕሩ ብቻ ነው፣
እሱም ከድንጋይ ጋር የራሱን የሚያወራው።

ሊካስቶስ የሚሉት ወዳጅ ነበረኝ፤
አፉ የታተመ ማሰሮ ሰጠኝ።
ሰሙ ላይ የታተመ ዶልፊን ነበረበት፤
ውስጡ ምን እንዳለ ክንዴ ነገረኝ በክብደት።
«ከተመለስኩ ለእኔ፣ ካልሆነም ለልጄ»
ብሎኝ ማሰሮውን አኖረው በእጄ።
ምስክር አልቆመም፣ ውል አልተጻፈበት፤
በወዳጅ መካከል ውል መጻፍ ነው እፍረት።
በመከር ወር ማዕበል መርከቡን ሰበረው፤
ልጁ ገና ሕፃን፣ ምንም የማያውቅ ነው።

አንድ ሌሊት ታዲያ መጋዘኔ ገባሁ፣
ማኅተሙን በቢላ ጫፍ ቀስ ብዬ አላቀቅሁ።
በሩን ቀርቅሬያለሁ፣ መስኮት የለው ቤቱ፤
ጎረቤት ተኝቷል፣ ጸጥ ብሏል ሌሊቱ።
«ይሉኛል» የምለው መንደር ሁሉ ተኛ፤
ይሉኝታዬም አብሮት ተኛ እንደ ጓደኛ።

ማንም አልነበረም።
ቆይ፣ አንዲት ሴት ነበረች፣
የዘይቱን መብራት ይዛልኝ የቆመች።
ከትራኪያ ገዝቼ ያመጣኋት ነበር፤
ስሟን አልጠየቅሁም፣ ለምን ልቸገር?
በአገሯ ስም ነበር የምንጠራት እሷን፣
በመጣበት ወደብ እንደሚጠሩት ጋን።
እንግዲህ አስተውል፣ ሁለት ዓይን ነበራት፤
እኔ ግን ከዓይን መሐል አልቈጠርኩላት።
መቅረዝ ያያል እንዴ? ግድግዳስ ያማል?
በሸንጎ ድምፅ የሌለው ምን ዓይን ይኖረዋል?

ብሩን ዘረገፍሁት፤ ኤሊ የታተመበት
የኤጊና ገንዘብ ምንጣፉን ሞላበት።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሠላሳ ላይ ስደርስ
ቀና አልሁ፣ እንዲያው፣ ላቤን ከግንባሬ ላብስ።
እጇ እንደታዘዘ ቀጥ ብሎ አበራልኝ፤
ፊቷ ግን ወደ ግንብ ዞሮ ተለየኝ።
እጇን ገዝቻለሁ በመቶ ሃያ ብር፤
ፊቷ ግን ከሽያጩ ውስጥ አልገባም ነበር።

ያን ጊዜ ከእግሬ ሥር አንድ ሙቀት ወጣ፣
በጉልበቴ አልፎ ጆሮዬ ላይ መጣ።
ሽበት ነበረብኝ፤ ጉንጬ እንደ ልጅ ቀላ፤
ትናንት ያልኩህ ሁሉ ያን ሌሊት ተበላ።
«ዙሪ!» ልላት ነበር፤ ቃሉ ግን አነቀኝ።
ብትዞር ታየኛለች፤ ባትዞርም አየችኝ።

ብሩን መለስሁና፣ ሰሙን አቅልጬ፣
ሲነጋ ለልጁ እናት ሰጠኋት ሮጬ።
ዶልፊኑ ጠፍቷል፤ በቦታው አውራ ጣቴ
በሰሙ ላይ ቀርቶ፣ ሲያሳጣኝ በፊቴ።
ገበያው ሰማና አመሰገነኝ፤
«ምስክር የማያሻው እውነተኛ» አለኝ።
ከዚያ ወዲህ በዚያው ሙገሳ እበላለሁ፣
ስለ በጎ ምግባር ለእናንተ አስተምራለሁ።

እሷስ ምን ሆነች አልህ? በዚያው ክረምት ሸጥኋት፤
ዓይኗን ስላልቻልኩት፣ በግማሽ ዋጋ ሰጠኋት።
ወደ ሮድስ መርከብ መሰላሉን ስትወጣ
ዞራም አላየችኝ፤ ከአፏም ቃል አልመጣ።
ሰው መሸጥ በአገሬ ንግድ ነው፣ የለመደ፤
ሌላው ዝም ሲል ግን የእኔ ጉንጭ ነደደ።

ጽላትህን አምጣ፣ የትናንቱን ፋቀው።
«ይሉኝታ ከሰው ጋር አብሮ የሚተኛ ነው፤
እፍረት ግን…» ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ በታች ተወው፤
እኔም እስከ ዛሬ የቀረውን አላውቀው።

አንዳንድ ሌሊት ደግሞ እንዲህ እላለሁ ነቅቼ፦
«ርካሽ ዘይት ነበር የሰጠኋት ሰስቼ፤
ይጨስ ነበር ክሩ፣ ይቆጠቁጥ ነበር፤
ፊቷን ከጭስ ሸሸች፤ ምን አገባት ነውር?»
እንዲህ ከሆነማ፣ እሷ ካላየችኝ፣
ያን ሌሊት በዚያ ቤት ማን ነበር ያየኝ?